የሆድ ኬላ

በአገራችን አነጋገር «ጨጓራ» የተባለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል የሰውነት ክፍል ስም ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ የበሽታ ስም ነው። ምን ያምሃል ተብሎ ሲጠየቅ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው በየቤቱ ይገኛል፤ ጨጓራ የሌለው ሰው ያለ ይመስል! ሰው ሲያናድደንም «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን፤ ነገረኛውንም «ጨጓራ ላጭ» ብለን ስም እናወጣለታለን። እንዲህ ሆኖ ንዴትና ቃር በአማርኛ ከአንድ ጓዳ የሚወጡ ነገሮች ናቸው። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል የሆዳችንን እሳት እንደ ጠላት ብቻ የምናየው። ሲነድ ለማጥፋት እንሮጣለን እንጂ፣ ማን አነደደው፣ ከመጀመሪያውስ ለምን ተሰጠን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዚህ ዘመን ከከተማ እስከ ገጠር የተዛመተው አንድ እንክብል ነው። ስሙ ኦሜፕራዞል ይባላል። በአልዩ አምባም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ «የጨጓራ መድኃኒት ስጠኝ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ክፉ ነው ለማለት አልተነሣሁም። እንዲያውም ስንቱን ሰው ከጨጓራ ቍስልና ከመድማት አድኗል። ነገሬ ስለ ልኩ፣ ስለ ጊዜውና ስለ ምክንያቱ ነው። ይልቁንም ውኃው ሁልጊዜ በማይታመንበት በእኛ ቆላ ይህ መድኃኒት ከሌላው አገር ይበልጥ የሚያስከፍለው ዋጋ ስላለ፣ እሱን ለአንባብያን ማሳየት እወዳለሁ።

አልዩ አምባን ለማያውቅ ሰው፤ ከአንኮበር ተራራ ግርጌ በስተምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ላይ የተቀመጠች የጥንት የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውን፣ ጨርቁንና ሌላውንም ዕቃ ጭኖ የሚደርሰው እዚህ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 በከተማዋ ተቀምጦ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ያን ጊዜ ገበያው የሚቆመው ዓርብ ዓርብ ነበር። በዚያ ዘመን የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብሎ ሲሸሸው፣ የአልዩ አምባ ሰው ግን ቡናውን አፍልቶ በሰላም ይጠጣ ነበር፤ ስለዚህ በቃር ጉዳይ ከአንኮበሮች ቀዳሚዎቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም። ለዛሬው ነገሬ የሚጠቅመኝ ግን ሌላ ነው። ከቆላ ወደ አንኮበር የሚወጣ ዕቃ በአልዩ አምባ ይታይ፣ ይቈጠር፣ ይቀረጥ ነበር። ከተማዋ ገበያ ብቻ ሳትሆን ኬላም ነበረች ማለት ነው።

ጨጓራም እንዲሁ ኬላ ነው። በአፍ የገባ ሁሉ ወደ አንጀት ከማለፉ በፊት በዚያ ይቆማል። ጨጓራችን በቀን አንድ ሊትር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሊትር የሚያህል ፈሳሽ ያመነጫል፤ ኮምጣጣነቱም ከሎሚ ጭማቂ ይብሳል። ይህ አሲድ ሥጋውንና ሽሮውን ለመፍጨት ይረዳል፤ በምግብ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድንና ቢ12 የተባለውን ቫይታሚን ፈልቅቆ ለአንጀት ያቀርባል። ከሁሉም በላይ ግን በውኃና በምግብ ተሳፍረው የሚመጡትን ጀርሞች አብዛኞቹን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገድላል። የኬላው ዘበኛ እሱ ነው።

የዘበኛው ጉልበት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። በአሜሪካ አገር ሐኪሞች የኮሌራን ጀርም ለፈቃደኞች እያጠጡ ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሳተሙት ነው። ጀርሙን በውኃ ብቻ የጠጣ ጤነኛ ሰው እንዲታመም መቶ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ጀርም ያስፈልግ ነበር። አስቀድሞ ሶዳ ጠጥቶ የጨጓራውን አሲድ ያበረደ ሰው ግን ከዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ ባነሰ ጀርም ታመመ። ልብ በሉ፤ ሶዳው መርዝ አይደለም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ዘበኛውን ማስተኛት ብቻ ነው። ሶዳ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢያስተኛው ነው። ኦሜፕራዞል የአሲዱን መጭመቂያ ከሥሩ ስለሚዘጋ አንዱ እንክብል የሚሠራው ለአንድ ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን አንድ ነገር ልናገር። ቃር ማለት ሁልጊዜ አሲድ በዛ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አሲዱ ልኩ ነው፤ ነገር ግን ቦታውን ለቅቆ ወደ ምግብ ቧንቧ ወጥቷል። በጨጓራና በቧንቧው መካከል እንደ ከረጢት አፍ የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ፣ ወይም ሆዱ ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ወይም ሰው በልቶ ወዲያው ሲጋደም አሲዱ ሽቅብ ይመለሳል፤ ደረትንም ያቃጥላል። ስለዚህ ዘበኛውን መግደልና በሩን መዝጋት ሁለት የተለያዩ መፍትሔዎች ናቸው። መድኃኒቱ የሚያደርገው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤት አይገዛም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሲድን በመድኃኒት የመቀነሱ ጥበብ ገና የሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ባገኘው መንገድ ሲሜቲዲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1976 ለሽያጭ ቀረበ፤ እሱም በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ከስዊድን አገር ኦሜፕራዞል ለገበያ ወጣ፤ ጉልበቱም ከቀደመው በለጠ። በመካከል የመጣውና በእኛም አገር ብዙ የተዋጠው ራኒቲዲን ግን መጨረሻው አላማረም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚሠጋ ባዕድ ነገር ተገኘበትና የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2020 ከገበያ እንዲነሣ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ኦሜፕራዞል ሜዳውን ለብቻው ያዘው ማለት ይቻላል።

አክስቴ በአልዩ አምባ ገበያ በርበሬ፣ አብሽና ሌላም ቅመም ይሸጣሉ። ባለፈው ጊዜ ልጠይቃቸው ስወርድ ከመቀነታቸው ውስጥ የእንክብል ካርድ አውጥተው፣ አንዱን ፍሬ በቡና ሲውጡ አየሁ።

«ልጄ፣ ይህችን ካልዋጥሁ ውኃው እንኳ ያቃጥለኛል» አሉኝ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያለፈውን ረመዳን ውጬ ጾሜያለሁ፤ የዚያንም በፊቱን። አልሐምዱሊላህ፣ በሷ ቆሜያለሁ።»

ያዘዘላቸው ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ ጎረቤታቸው ናት። መጠኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓት፣ የሚቆምበት ቀን አልተነገራቸውም። ሲያማቸው ይውጣሉ፤ ያውም ከበሉ በኋላ። ይህ መድኃኒት ግን የሚሠራው ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ ምክንያቱም የአሲዱን መጭመቂያ የሚይዘው ምግብ መጥቶ ሥራ በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ቃር ከተነሣ በኋላ መዋጥ ዝናብ ካባራ በኋላ ጃንጥላ እንደ መዘርጋት ነው።

ነገሩን ስቈጥር ሌላ ነገር አገኘሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመቶች አክስቴ ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብለው ታክመዋል፤ አንድ ጊዜም በብርቱ ተቅማጥ ተኝተዋል። ይህን ያመጣው እንክብሉ ነው ብዬ አልፈርድም። በቆላ እንክብል ያልዋጠም ሆዱን ይታመማል። ነገር ግን ቧንቧው ሲቋረጥ ከወንዝ የሚቀዳ ውኃ የሚጠጣ ሰው፣ ያለውን አንድ ዘበኛ ለሁለት ዓመት አስተኝቶ ሲያበቃ ሌባ ገባ ቢል ምን ይደንቃል? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በባሌ የተነሣው ኮሌራ በ2023 ወደ አማራ ክልልም እንደ ደረሰ ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። ፈረንጅ አገር ንጹሕ ውኃ በቤቱ የሚቀዳ ሰው ዘበኛውን ቢያስተኛ የሚያገኘው አደጋና የእኛ ሰው የሚያገኘው አንድ አይደለም።

አደጋውንም ሳላጋንን ልናገር፤ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ማስፈራሪያ ይወራልና። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት የእነዚህን መድኃኒቶች ነገር ሲከታተል እ.ኤ.አ. በ2010 ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንት የመሰበር አደጋ ሊጨምር እንደሚችል፣ በ2011 በደም ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ሊወርድ እንደሚችል፣ በ2012 ደግሞ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በተባለ ጀርም የሚመጣ ክፉ ተቅማጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በወሰዱት ሰዎች ላይ የቢ12 ማነስ ይበልጥ እንደ ታየ ገለጸ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቍላል ስለ ሆነ፣ የአንኮበር ጎረቤቶቻችን ጾማቸውን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነና መድኃኒቱንም ለዓመታት የሚውጡ ከሆነ ይህን ለሐኪማቸው ቢያነሡ መልካም ነው። የኩላሊትና የመርሳት በሽታም ከመድኃኒቱ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ነገር ግን በእነዚያ ጥናቶች አብሮ መታየቱ እንጂ ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም።

በ2019 የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት ነገሩን በሚገባ አጣርቶታል። ከአሥራ ሰባት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የኦሜፕራዞል ወንድም የሆነውን ፓንቶፕራዞልን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ለሦስት ዓመት ያህል ወሰዱ። በመጨረሻ ሲታይ አጥንቱም፣ ኩላሊቱም፣ መርሳቱም በሁለቱ ወገን እኩል ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ልዩነት አሳየ፤ እሱም የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ ከመቶ 1 የነበረው መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ከመቶ 1.4 ሆነ። ለዚያ ጥናት አንባቢ ይህ ትንሽ ቍጥር ነው። ለእኔ ግን የተረጋገጠው አንዱ ጉዳት ለቆላ ሰው ከሁሉ የሚከፋው መሆኑ ነው ዓይኔን የያዘው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። የጨጓራ ቍስልንና ሕመምን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው በርበሬ ወይም ንዴት ሳይሆን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ጀርም እንደ ሆነ ዛሬ የታወቀ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 አገኙት፤ የሚያምናቸው ሰው ቢጠፋ ማርሻል በ1984 ጀርሙን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጀርሙ በእኛ አገር ከሕዝቡ ግማሽ በሚያህለው ሆድ ውስጥ ይኖራል። ከአሲዱ ተደብቆ ለመኖር የቻለ ብልኅ ሌባ ነው፤ ዘበኛው ባለበት ኬላ ውስጥ ቤት ሠርቶ የተቀመጠ። የሚድነውም በኦሜፕራዞል ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ፀረ ጀርም መድኃኒቶች ተጨምረውበት ለዐሥር ወይም ለዐሥራ አራት ቀን ሲወሰድ ነው። ኦሜፕራዞልን ብቻውን መዋጥ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ጀርሙን አያወጣም።

አክስቴ አንድ ክሊኒክ ሄደው በሰገራ ተመርምረው «ጀርም የለብዎትም» ተብለዋል። ነገር ግን እንክብሉን እየዋጡ ነበር የተመረመሩት። መድኃኒቱ ጀርሙን ስለሚያዳክመውና ስለሚደብቀው፣ ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት መቆም አለበት፤ ይህን የነገራቸው አልነበረም። ሁለቱን ሳምንት እንዲያቆሙ ሌላ ሐኪም ሲመክራቸው በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወሉልኝ።

«ወላሂ እሳት ነው የዋጥሁት! ይኸው አየህ፣ ያለሷ መኖር አልችልም» አሉ።

ይህ የብዙ ሰው ቃል ነው፤ ለዚህም ነው እንክብሉ የማይለቀን። የዴንማርክ ሐኪሞች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቃር የሚባል ነገር ፈጽሞ የማያውቁ 120 ጤነኞችን ወስደው፣ ለግማሾቹ የዚህን ዓይነት መድኃኒት ለስምንት ሳምንት ሰጡ። መድኃኒቱ ሲቆም ከእነዚያ ጤነኞች ከመቶ 44 ያህሉን ቃርና የሆድ ማቃጠል ያዛቸው፤ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት ግን ከመቶ 15 ብቻ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰውነት አሲዱ ሲጠፋበት «አምጡ፣ አምጡ» እያለ መጭመቂያዎቹን ያበዛል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ስለዚህ ካቆሙ በኋላ የሚመጣው እሳት መድኃኒቱ ለዘወትር እንደሚያስፈልግ ምስክር አይደለም። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይበርዳል።

አክስቴ በሚጠጣ ተራ የቃር ማስታገሻና በተልባ ሁለቱን ሳምንት አለፉ። ሲመረመሩ ጀርሙ ተገኘ፤ ለዐሥራ አራት ቀንም ታከሙ። በዚያውም ላይ ለጉልበታቸው እያሉ በየዕለቱ ዳይክሎፌናክ ይውጡ እንደ ነበር ተገለጸ። ይህ መድኃኒት እንደ አይቡፕሮፌንና እንደ አስፕሪን ሁሉ የጨጓራን ሽፋን ይበላል። በገበያችን ተሸካሚው ለወገቡ፣ ገበሬው ለትከሻው ይውጠዋል፤ ሆዱ ሲያቃጥለው ደግሞ ኦሜፕራዞል ይጨምርበታል፤ በአንድ እጅ እያቃጠሉ በሌላው እጅ ማጥፋት ማለት ነው። ለአክስቴ በፓራሲታሞል ተተካላቸው። ዛሬ ቃር ፈጽሞ ተዋቸው ብል ውሸት ይሆናል፤ በሠርግ ማግስት ይነሣባቸዋል። ይሁን እንጂ በየቀኑ መዋጡ ቀርቷል።

አሁን አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያስ እንክብሉን ዛሬውኑ ልጣለው» ይል ይሆናል። አይሆንም። ጨጓራው ወይም አንጀቱ ቈስሎ የደማ ሰው፣ በሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን ወይም የሕመም ማስታገሻ ዘወትር የሚወስድ ሽማግሌ፣ የምግብ ቧንቧው በአሲድ የተላጠ ሰው፣ እነዚህ መድኃኒቱ ያስፈልጋቸዋል፤ ከተዉት የሚያገኛቸው ጉዳት ከመድኃኒቱ ጉዳት ይበልጣል። እንዲሁም ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ፣ ደም የሚያስመልሰው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ይህ ቃር ነው ብሎ በእንክብልም በተልባም መሸፋፈን የለበትም፤ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ይሂድ። የጨጓራና የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዚህ መልክ ይጀምራልና። ሽቅብ ሲወጣ ወይም ሸክም ሲያነሣ ብቻ ደረቱን የሚያቃጥለው ሰውም ሕመሙ ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚያስወጣው አቀበት ለዚህ ጥሩ መርማሪ ነው።

ለተራ ቃር ለወራት ሲውጥ የቆየና ሐኪሙ ማቆም ትችላለህ ያለው ሰው ግን ቀስ በቀስ ይተወው። በቀን ሁለት የሚውጥ ወደ አንድ ይውረድ፤ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለለ፤ ከዚያም ሲያስፈልግ ብቻ። ነገሩ ጫካ ውስጥ እንደ ተኛ ነብር ነው፤ በእርጋታ ካለፉት አይነሣም።

ስለ ተፈጥሮ መድኃኒትም ጥቂት ልበል። እኔ የአባቶችን ነገር ከማይንቁት ወገን ነኝ። አባቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ቀን ቈጥረው፣ በሁለት ወር አንዴ ጠጥተው፣ ያን ቀን ከቤት ሳይወጡ ውለው፣ በማግስቱ ያበቁ ነበር፤ ኮሶን በየማለዳው ለሁለት ዓመት የጠጣ ሰው አልተሰማም። ከልክ ካለፈ እንደሚጎዳም ያውቁ ነበር። የዛሬው ሰው ግን «ከቅጠል ነው» ከተባለ ልክ ያለው አይመስለውም። ጤና አዳም እንኳ በብዛት ከተወሰደ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።

ተልባ የቃር ባለሟል ነው። ፍሬው በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ልጋግ የተላጠውን ግድግዳ ይለብጣል ተብሎ ይታመናል፤ በአይጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጨጓራን ከመቍሰል እንደሚረዳ አሳይተዋል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ቀጭን ነው፤ ቢሆንም በልክ ለሚጠጣው ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብቻ ልጋጉ መድኃኒቱን እንዳይዝበት በሰዓት ያራርቀው። የአክስቴ ሸቀጥ የሆነው አብሽ የተሻለ ምስክር አለው፤ በ2011 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት የአብሽ አሰር ከምግብ በፊት ሲወሰድ ቃርን ከራኒቲዲን ጋር በተቀራረበ መጠን እንዳስታገሠ ገልጿል። ነገር ግን አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይጠንቀቀው። ወተት ለጊዜው ቢያበርድም ኋላ አሲዱን ይጠራል፤ ተኝቶ ሌሊት የሚያቃጥለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ሶዳውን ግን እኔ አልመክርም፤ ለደም ግፊት ሰው ጨው ነው፤ ስለ ዘበኛውም ከላይ ተናግሬያለሁ።

እውነተኛው የተፈጥሮ መድኃኒት በሩን መዝጋት ነው፤ ይህም በሰዓትና በአቀማመጥ የሚገኝ ነው። በቆላችን እራት ይመሻል። በረመዳንማ ሰው ቀኑን ውሎ በሳምቡሳና በጥብስ ያፈጥርና፣ ከሱሑር በኋላ ደግሞ ወዲያው ይጋደማል። ማፍጠሪያውን በትንሽ ጀምሮ ቀሪውን ከሶላት በኋላ መብላት፣ በሌላም ጊዜ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቈየት ብዙ እንክብል ያስቀራል። ጫት ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ በጥናት ታይቷል፤ ከምሳ በኋላ ቅሞ፣ ማታ እራት ጨምሮበት የሚተኛ ሰው በምሳው ላይ እራት፣ በእራቱም ላይ እንቅልፍ ጫነ ማለት ነው። ሲጋራ በሩን ያላላል። የጠበቀ መቀነትና ወገብ ላይ የተጠመጠመ ሽርጥም ሆድን ይጫናልና ከምግብ በኋላ ላላ ይደረግ። ወፍራም ሰው ቢቀንስ ይጠቀማል፤ በእኛ በኩል ግን ወፍራሙ ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ አልቈይም።

ሲተኙም በግራ ጎን መተኛት ይሻላል፤ በዚያ በኩል ጨጓራው ከቧንቧው በታች ስለሚውል አሲዱ ለመውጣት ይቸገራል። ራስጌንም ከፍ ማድረግ ነው። አልጋ ያለው ሰው ከራስጌው እግሮች ሥር አንድ ስንዝር የሚያህል ድንጋይ ወይም እንጨት ያግባ። መደብ ላይ የሚተኛ ሰው ደግሞ ጭቃ ሲለቀለቅ ራስጌውን ከፍ አድርጎ እስከ ወገቡ ድረስ በዘቅዛቃ ያስተካክለው፤ ትራስ መደራረብ አይጠቅምም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይበልጥ ይጫናልና።